የጦርና የጋሻ ሚዛን፦ የአንድ የካርታ ጨዋታ ታሪክ

ጦር ወርዋሪ የሚወረውርበትን ጊዜና አቅጣጫ ራሱ ይመርጣል፤ ጋሻ ያዡ ግን ጦሩ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ አያውቅም። ይህ ቀላል የሚመስል ልዩነት «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለውን የካርታ ጨዋታ የሚያዘጋጁትን ሰዎች ከ30 ዓመት በላይ ሲያስጨንቅ ኖሯል። ነገሩ በጨዋታ ስም ይጠራ እንጂ፣ በመሠረቱ የዕቅድ፣ የስሌትና የሙከራ ጉዳይ በመሆኑ ለምሕንድስና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን የፈጠረው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ሪቻርድ ጋርፊልድ ሲሆን፣ አሳትሞ ለሽያጭ ያቀረበው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ ነው፤ ጊዜውም ኦገስት 1993 ነበር። የመጀመሪያው ስብስብ 295 ካርታዎችን ይዞ ወጣ። እንደ ሰንጠረዥ ጨዋታ ሁለቱ ተጋጣሚዎች እኩል ሠራዊት ይዘው አይቀመጡም፤ እያንዳንዱ ገዝቶና ተለዋውጦ ካከማቸው መርጦ የራሱን ጥቅል ያዘጋጃል። ውድድር ሲስፋፋ ጥቅሉ ከ60 ካርታ እንዳያንስ፣ ከመሠረታዊ የመሬት ካርታዎች በቀር አንዱ ዓይነት ከ4 እንዳይበልጥ ተደነገገ። ተጫዋቹ በየተራው አንድ መሬት ይዘረጋል፤ ከመሬቱ የሚገኘው ኃይልም ለሌሎቹ ካርታዎች ዋጋ ይከፈላል። የተጋጣሚን 20 የሕይወት ነጥብ የሚያጎድሉትን ካርታዎች ማጥቂያ፣ እነዚህን የሚያጠፉትን ወይም የሚያግዱትን ደግሞ መመከቻ ብሎ መጥራት ይቻላል።

ማጥቂያ ተጋጣሚው ማንም ይሁን ማን ሥራ አያጣም። መመከቻ ግን ዓይነቱን ካላገኘ ከንቱ ነው፤ ፍጡርን የሚገድል ካርታ ፍጡር በሌለበት ጥቅል ፊት በእጅ ላይ ቀርቶ ይሞታል። ስለሆነም ሚዛኑ እንዲጠበቅ መመከቻው ከማጥቂያው በዋጋ መርከስ አለበት። እጅግ ከረከሰ ግን ታላቁን ማጥቂያ የሚደፍር ይጠፋል። ጥያቄው እንግዲህ ልዩነቱ ምን ያህል ይሁን የሚለው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሚዛኑ ወደ ጋሻው አዘንብሎ ነበር። ሴራ የተባለችው መልአክ 5 ኃይል ተከፍሎባት ስትወጣ፣ ስሙን ከነቢዩ ኢሳይያስ ቃል የወሰደው የ«ሰይፍን ወደ ማረሻ» ካርታ በ1 ኃይል ብቻ ያስወግዳታል። ማናቸውንም አስማት ገና ሲነገር የሚያመክነው ካርታ ዋጋው 2 ነበር። ብራያን ዋይስማን የተባለ ተጫዋች ይህን አስተውሎ፣ አብዛኛው መመከቻና ካርታ ማብዣ የሆነ፣ ለማጥቂያ ግን 2 የሴራ መላእክት ብቻ የያዘ ዝነኛ ጥቅል አዘጋጀ። ተጋጣሚውን አስቀድሞ ባዶ እጁን ያስቀረዋል፤ ከዚያ በኋላ ለማሸነፍ መቸኮል አያስፈልገውም።

አዘጋጆቹ ከጊዜ በኋላ ጋሻውን ማሳሳት ጀመሩ። በ1 ኃይል 3 ጉዳት የሚያደርሰው የመብረቅ ካርታ ከ1995 በኋላ ከመሠረታዊው ስብስብ ወጥቶ እስከ 2009 ሳይመለስ ቆየ፤ የ2ቱ ኃይል ማምከኛም በ2003 በወጣው መሠረታዊ ስብስብ ውስጥ አልተካተተም። በአንጻሩ ፍጡራኑ እየበረቱ ሄዱ።

የዚህ አካሄድ ከባድ ፈተና የመጣው በዚያው በ2003 መጨረሻ፣ ሚሮዲን የተባለው ስብስብ ሲወጣ ነው። ስለ ብረት ዓለም በሚናገረው በዚህ ስብስብ አንዳንድ ካርታዎች ተጫዋቹ ሰው ሠራሽ ዕቃ ባበዛ ቁጥር ዋጋቸው ይቀንሳል፤ መሬቶቹ ሳይቀሩ ዕቃ ሆነው ይቆጠሩ ነበር። በ2004 መጀመሪያ በወጣው ተከታይ ስብስብ ደግሞ ስከልክላምፕ የሚባል መሣሪያ ተጨመረ። መሣሪያው የፍጡሩን ጥቃት በ1 ከፍ፣ ጽናቱን በ1 ዝቅ ያደርጋል፤ ፍጡሩ ሲሞትም ባለቤቱ 2 ካርታ ይስባል። የጽናቱ መቀነስ እንደ ጉድለት ቢታይም፣ ተጫዋቾች በ1 ኃይል የገዛ ደካማ ፍጡራቸውን እየገደሉ 2 ካርታ የሚስቡበት ስልት ሆኖ ተገኘ። ካርታው ይህን መልክ የያዘው ዝግጅቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ስለነበረ በበቂ አልተሞከረም። በጁን 2004 ታገደ።

ችግሩ ግን በዚያ አላበቃም። አርክባውንድ ራቬጀር የተባለው ፍጡር ሌሎች ዕቃዎችን እየሠዋ ይገዝፋል፤ መመከቻ ሲሰነዘርበት ራሱን ሠውቶ ግዝፈቱን ለሌላ ያወርሳል። ዲሳይፕል ኦፍ ዘ ቮልት የተባለው ደግሞ ዕቃ በወደመ ቁጥር የተጋጣሚን ሕይወት በ1 ያጎድላል። እንግዲህ የወራሪውን ዕቃ የሚሰብር ተከላካይ በሰበረው ልክ ራሱ ይቆስል ነበር፤ ጋሻው ያዡን ወጋ ማለት ነው። በማርች 2005 ኩባንያው 6 መሬቶችን ጨምሮ 8 ካርታዎችን በአንድ ጊዜ አገደ። በገንዘቡ ገዝቶ ያከማቸው ጥቅል በአንድ ማስታወቂያ ከውድድር የወጣበት ተጫዋች ቅሬታ ቀላል አልነበረም። ሆኖም ዝምታው ይበልጥ ያስከፍል ነበር፤ ተጫዋቾች ተሰላችተው ከውድድሩ እየራቁ ነበርና።

ትምህርቱ ግን ለዘለቄታው አልያዘም። በጃንዋሪ 2017 ሦስት ካርታዎች ታገዱ። በዚያው ወር በወጣው ስብስብ ውስጥ ያለ ፌሊዳር ጋርዲያን የተባለ ፍጡር ከአንድ የቀድሞ ካርታ ጋር ሲጣመር ማለቂያ የሌለው ሠራዊት እንደሚያስገኝ አዘጋጆቹ ሳያስተውሉ ቀርተው፣ በኤፕሪል እርሱም ታገደ። ኩባንያው በዚሁ ዓመት የውድድር ሚዛንን የሚፈትሽ ልዩ ቡድን አቋቋመ። ይሁንና በኦክቶበር 2019 ኦኮ የተባለ ካርታ በ3 ኃይል ወጣ። ኦኮ የራስን ተራ ዕቃ ወደ ብርቱ አጋዘን፣ የተጋጣሚን ታላቅ ፍጡርም ወደ ተራ አጋዘን ይለውጣል፤ ጦርም ጋሻም በአንድ እጅ ሆነ። አዘጋጆቹ ችሎታውን በራስ ዕቃ ላይ እንደሚውል አድርገው በመመልከታቸው፣ በተጋጣሚው ላይ ያለውን ኃይል በሚገባ አልመዘኑትም ነበር። ካርታው ሁለት ወር ሳይሞላው ታገደ።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ፍሬ ነገር ማጥቂያ ሁልጊዜ ይበረታል የሚል አይደለም። ሚዛኑ በተዛባባቸው በእነዚህ ጊዜያት ስሕተቱ የመጣው ዋጋን ከመደመር ሳይሆን፣ ዘግይቶ የገባ ለውጥ ሳይፈተሽ ከማለፉ፣ አንዱም ክፍል ከሌላው ጋር ሲገናኝ የሚያሳየው ጠባይ ካለመታየቱ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ ጋሻውን አስቀድሞ መፈተሽ እገዳ ከማወጅ ይረክሳል። ድልድይ የሚያቅድም ሆነ ጨዋታ የሚያዘጋጅ ሰው፣ መዋቅሩ የሚፈርሰው እርሱ ባሰላው ሸክም ሳይሆን ባላሰበው አጠቃቀም መሆኑን ቢያስታውስ አይጎዳም።