ከኪንግ ሐውልት ላይ የተፋቀው ዓረፍተ ነገር

መጽሐፍ ሲሳሳት በሁለተኛው እትም ይታረማል። ድንጋይ ሲሳሳት ግን ወይ ከነስሕተቱ ይኖራል፣ ወይ ይፋቃል። በዋሽንግተን ዲሲ ለዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የቆመውን መታሰቢያ ያገኘው ይኸው ሁለተኛው ዕጣ ነው። ነገሩ ተራ የፊደል ግድፈት ቢሆን ኖሮ አንባቢዬን ባላደከምኩ ነበር። የተዛባው ግን ሰውየው ስለ ገዛ ቀብራቸው የተናገሩት ቃል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መታሰቢያው በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ሐሳቡ በ1984 የመነጨው ኪንግ ራሳቸው አባል ከነበሩበት አልፋ ፋይ አልፋ ከተባለው የጥቁር ተማሪዎችና ምሩቃን ማኅበር ነው። ኮንግረሱ በ1996 ፈቀደ፤ የንድፍ ውድድሩ አሸናፊ በ2000 ታወቀ፤ ምረቃው ኦክቶበር 16 ቀን 2011 ተፈጸመ። አስቀድሞ የተቆረጠው ቀን ኦገስት 28፣ ማለትም የታላቁ የዋሽንግተን ሰልፍ 48ኛ ዓመት ነበር፤ አይሪን የተባለው አውሎ ነፋስ አስተጓጎለው። ወጪው 120 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ከዚህ ውስጥ ወደ 800,000 ዶላር የሚጠጋው የኪንግን ቃልና ምስል ለመጠቀም ለቤተሰቡ ድርጅት የተከፈለ ነው። በዚህ ላይ አንባቢ እንደ ወደደ ይፍረድ፤ እኔ አልፈዋለሁ።

ንድፉ የተወሰደው ኪንግ በ1963 ከተናገሩት አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው፤ ከተስፋ መቁረጥ ተራራ የተስፋን ድንጋይ ፈልፍሎ ማውጣት። ጎብኚው ለሁለት በተሰነጠቀ ተራራ መካከል አልፎ ሲገባ፣ ከመካከሉ የተገመሰ የሚመስል ድንጋይ ወደ ውኃው ፈንጠር ብሎ ቆሞ ያገኛል። ኪንግም 30 ጫማ ቁመት ይዘው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ከድንጋዩ ወጥተዋል። ሐሳቡ ውብ ነው። አፈጻጸሙ ግን አከራከረ።

ድንጋዩን የጠረቡት ቻይናዊው ሌይ ዪሺን ናቸው፤ የማኦ ዜዱንግን ምስሎችም ቀርጸዋል። ግራናይቱም ከቻይና በ159 ቁራጭ ተጭኖ መጣ። «ጥቁር አሜሪካዊ ቀራጭ ጠፍቶ ነው ወይ?» የሚል ቁጣ ተነሣ። ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን ስድስት ኪሎ የቆመውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው፤ በዚህ የተነሣ ሐዘኑ የእኛ መሆኑ አልቀረም። ይልቅስ እኔን የሚያሳምነኝ የአሜሪካ የሥነ ጥበብ ኮሚሽን በ2008 የሰነዘረው ነቀፋ ነው። የሐውልቱ ግዙፍነትና አሠራር በሌሎች አገሮች በቅርቡ የተገረሰሱትን ፖለቲካዊ ሐውልቶች ያስታውሳል አለ። እስከ 1991 አዲስ አበባ ላይ ሌኒን ቆሞ ያየ ሰው ለዚህ ነቀፋ ማብራሪያ አያሻውም። ቀራጩ ፊቱን በመጠኑ አለዘቡት፤ ግዙፍነቱ ግን ያው ሆኖ ቀረ።

ወደ ዓረፍተ ነገሩ ልመለስ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1968፣ ሜምፊስ ላይ ከመገደላቸው ልክ ሁለት ወር በፊት፣ ኪንግ አትላንታ በሚገኘው ኤቤኔዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰበኩ። ርእሳቸው ሰው ከሰልፉ ፊት ቀድሞ ለመታየት ያለው ጥማት ነበር። የማርሽ ባንድን ከፊት ሆኖ በትሩን እያወዛወዘ የሚመራውን ሰው አሜሪካውያን «ድራም ሜጀር» ይሉታል፤ በእኛ ማዕረግ ፊታውራሪ ብንለው ከነገሩ ብዙ አንርቅም። ኪንግ ይህ ጥማት የሚያመጣውን ጣጣ ሲያትቱ ቆይተው ስብከቱን በገዛ ቀብራቸው ጨረሱ። ረጅም ንግግር አይደረግልኝ፣ የኖቤል ሽልማቴም አይነሣ አሉ። ፊታውራሪ ነበር ማለት ብትፈልጉ ግን፣ የፍትሕ፣ የሰላምና የጽድቅ ፊታውራሪ ነበር በሉ፤ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ኤፕሪል 9፣ በቀብራቸው ዕለት፣ ይህ የተቀዳ ድምፃቸው ለለቀስተኛው ተሰምቷል።

በሐውልቱ ሰሜናዊ ጎን የተቀረጸው ግን የፍትሕ፣ የሰላምና የጽድቅ ፊታውራሪ ነበርኩ የሚል ሆነ። «ብትፈልጉ» የለም። በአማርኛ አንዲት «ብ» ናት የወደቀችው፤ በእንግሊዝኛውም ሁለት ፊደል ያላት ቃል። እሷ ስትወድቅ ግን ሌሎች ሊሉላቸው የሚችሉት ነገር ራሳቸው ስለ ራሳቸው ያወጁት ሆነ፤ ግብዝነትን ሲወቅሱ የነበሩት ሰባኪ ጉረኛ ሆነው ቆሙ። ገጣሚዋ ማያ አንጀሉ ጽሑፉ ኪንግን ዕብሪተኛ ያስመስላቸዋል ብለው በአደባባይ የተቃወሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ተንኰል አልነበረበትም። ለሁለቱ ጎኖች የታሰቡት ጽሑፎች ቦታ ሲለዋወጡ፣ ረጅሙ ቃል ለአጭር ጽሑፍ በተዘጋጀው ጎን አልገባ አለ፤ ስለዚህ በቦታው ልክ ተቆረጠ። ታሪክ ለሚያስተምር ሰው ከተንኰል ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ነው። የሐሰት ሰነድ የሚያጋልጠው አያጣም፤ ለቦታ ሲባል ያጠረ ቃል ግን ማንም ሳይጠረጥረው ሲጠቀስ ይኖራል።

ማሳጠሩ ደግሞ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። በ1966 ጋሎፕ ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት 63 በመቶው አሜሪካዊ ኪንግን በበጎ አያይም ነበር። ስልካቸውን መንግሥት ጠልፎ ያዳምጥ ነበር። በ1967 የቬትናምን ጦርነት ሲያወግዙ ታላላቆቹ ጋዜጦች አብጠለጠሏቸው። ሜምፊስ የሄዱትም የከተማው ቆሻሻ አንሺዎች የሥራ ማቆም አድማ ላይ ስለ ነበሩ ነው። ይኸው መንግሥት ልደታቸውን የበዓል ቀን የሚያደርገውን ሕግ በ1983 አጸደቀ፤ በኋላም መሬት ሰጥቶ ሐውልታቸውን አስቆመ። ለሐቁ ስንል፣ ከግንቡ ጥቅሶች መካከል የቬትናም ተቃውሟቸው አለበት። ያም ሆኖ ከዚያ የሚወጣው ጎብኚ፣ እንደ እኔ ግምት፣ አገሩ ሁሉ የሚወደውን ሰው አይቶ ይወጣል እንጂ አብዛኛው አገር የጠላውን ሰው አላየም።

በጃንዋሪ 2012 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኬን ሳላዛር ጽሑፉ እንዲታረም አዘዙ። ሙሉውን ቃል መልሶ መቅረጽ የድንጋዩን ጥንካሬ ይጎዳል ተብሎ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ጨርሶ እንዲጠፋ ተወሰነ። በ2013 በጋ፣ የሰልፉ 50ኛ ዓመት ከመከበሩ በፊት፣ ሌይ ዪሺን ራሳቸው መጥተው በፊደሎቹ ላይ ጥልቅ መስመሮችን ሠነጠሩባቸው። ዛሬ በሰሜኑ ጎን የሚታየው፣ ድንጋዩ ከተራራው ሲገመስ የተፋተገበት የሚመስል አግድም ጭረት ብቻ ነው።