የእናቶቻችን ቅቤና የኮሪያ የራስ እጥበት

ባለፈው ወርሃዊ ስብሰባችን ከፍኖተ ሰላም የቁጠባ ቡድኖቻችን አንዱ አዲስ የብድር ጥያቄ ይዞ መጣ። ስድስት አባላት ተሰባስበው የፀጉር ቤት መክፈት ፈልገዋል። ዋናው ሥራቸው ፀጉር መሥራት ሳይሆን የራስ ቆዳ ማጠብና ማሸት እንዲሆን ያስባሉ። በስልካቸው የኮሪያን አሠራር አሳዩን። ደንበኛዋ ትጋደማለች፤ የራስ ቆዳዋ በትንሽ ካሜራ ይታያል፤ ቅርፊቱና የቆየው ቅባት ይነሣል፤ በእንፋሎት ይለሰልሳል፤ ቀስ ተብሎ ይታሻል፤ በመጨረሻም ይታጠባል። ይህን ስናይ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከመካከላችን አንዲት እናት፣ «ራስ ለማሸት ደግሞ ብር ይከፈላል? እኔ ስንቷን በነጻ ቀብቼ፣ ስንቷን ሠርቼ!» አሉ።

ሳቁ ሲበርድ ጉዳዩ ወደ ሒሳብ ክፍላችን ተመራ። የሚጠየቀው ገንዘብ የሁላችንም ቁጠባ ነው፤ ለጋሾቻችን የጨመሩበትም አለበት። ስለዚህ ወጪና ገቢውን አስልተን ሐሳብ እንድንሰጥ ታዘዝን። ስሌቱን ስንጀምር ግን የእማማ ጥያቄ አልለቅ አለን። በአገራችን የሴት ራስ በምን ሲጠበቅ ኖረ? በማንስ እጅ? ሥራውስ ለምን በገንዘብ ሳይተመን ቀረ? ይህን ሳናውቅ ቁጥር መደመሩ ትርጉም ስላጣብን፣ ያነበብነውንና ከእናቶቻችን የሰማነውን እንዲህ አሰባስበናል።

መጀመሪያ ቅቤ አለ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ዛሬ ሰከላ በምንለው አገር ወዳለው ወደ ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። የአካባቢው አገዎች ቅቤ፣ ማር፣ ሰምና ከብት ይዘው እስከ ጎንደር ገበያ ይወርዱ እንደነበር ጽፏል። ቅቤው በረጅሙ መንገድ እንዳይቀልጥና እንዳይበላሽ ካሮት የሚመስል ቢጫ ሥር ይቀላቅሉበት እንደነበርም ይናገራል። ስሙን የጻፈው እኛ ዛሬም መቅመቆ የምንለውን ነው። የምዕራብ ጎጃም ቅቤ እንግዲህ ከ250 ዓመት በፊትም ስሙ የታወቀ የንግድ ዕቃ ነበር።

ለራስ የሚፈለገው ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ ነው። እናቶቻችን አሪቲ ወይም አደስ አግኝተው ሽታውን ያሳምሩታል፤ ከዚያም መሃል አናት ላይ ያደርጉታል። ቅቤ ከመቶ ሰማንያ እጁ ያህል ቅባት ነው፤ የሚቀልጠውም ከሰውነታችን ሙቀት ጥቂት ዝቅ ባለ ሙቀት ነው። ስለዚህ አናት ላይ የተደረገው ቅቤ ፀሐይና የሰውነት ሙቀት ሲያገኘው ቀስ እያለ ወደ ፀጉሩ ሥር ይወርዳል። የእኛ ዓይነት የተጠቀለለ ፀጉር በተፈጥሮው ይደርቃል፤ የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ ጥቅልሉን አልፎ እስከ ጫፍ አይደርስምና። ቅቤው ፀጉሩን ሸፍኖ ከመድረቅና ከመሰባበር ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በሰሜን ኢትዮጵያ የኖረው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስ አገሬውን መስሎ ሲኖር ፀጉሩን ተሠርቶ ቅቤ ይቀባ ነበር። የተሠራው ፀጉር በእንቅልፍ እንዳይበላሽ ሰው አንገቱን በእንጨት ብርኩማ ላይ አሳርፎ ይተኛ የነበረበት ዘመን ነው።

ከቅቤው ቀጥሎ እጥበቱ ይመጣል። ሳሙና ወደ ገጠራችን ሳይገባ በፊት ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። በቆላው በኩል ደግሞ የቁርቁራ ቅጠል ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ ስለሚያወጣ ራስ ይታጠብበታል፤ ለፎረፎርም ይፈለጋል። ይህን ዕውቀት የያዙት ሴቶች ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ከዚያ ተነሥቶ እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። የምርምሩ መነሻ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብለው ያጥቡ የነበሩ ሴቶች ነበሩ፤ የእነሱን ስም ግን የሚያነሣ አላገኘንም።

የሹሩባውም ነገር እንዲሁ ነው። በአገራችን ፀጉር የሰውን ዕድሜና ኑሮ ይናገር ነበር። ሕፃኑ ቁንጮ፣ ልጃገረዷ ጋሜ፣ ያገባችው ሹሩባ ነበራት፤ ሐዘን የገባት ደግሞ ትላጭ ነበር። ነገሥታቱና ጦረኞቹም ይሠሩ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ከሹሩባቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ፀጉር ከ150 ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ንጉሠ ነገሥቱን የማያውቅ የለም፤ ሹሩባውን የሠራው እጅ ስም ግን ከፀጉሩ ጋር ተመልሶ አልመጣም። እንዲህ ያለው ሥራ በጎረቤት፣ በእናትና በእህት መካከል በውለታ የሚመለስ ስለነበር በየትኛውም መዝገብ አልገባም። አንዷ ቅዳሜ ትሠራለች፤ ሌላዋ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትመልሳለች። በሒሳብ ቋንቋ ከተናገርን ወጪም ገቢም ነበረው፤ ያልነበረው ደረሰኝ ነው።

የቀድሞውን ስናደንቅ ግን ጉዳቱን መደበቅ የለብንም። በቡሬ ዙሪያ ካሉ አባሎቻችን አንዷ ታሪኳን እንድንጽፈው ፈቅዳልናለች። ልጇ ስድስት ዓመቱ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ በአንድ ምላጭ ከተላጩ በኋላ ራሱ ላይ ክብ ክብ እየሆነ ፀጉሩ ይረግፍ ጀመር። ቆረቆር ነበር። እናቱ እንደተማረችው ቅቤ ቀባችው፤ ሲብስም ጨመረችለት። ወራት ካለፉ በኋላ ጤና ጣቢያ ስትወስደው ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጠው፤ በሽታውም ለቀቀው። ቆስሎ በነበረው ሁለት ቦታ ላይ ግን ፀጉሩ አልበቀለም። «ቅቤ ነፍጌው ቢሆን እንዲህ አይቆጨኝም ነበር፤ ያለኝን ሁሉ ሰጥቼው ነው» አለችን።

ይህች እናት አላጠፋችም፤ ያልተነገራት ነገር ነበር። ቆረቆርን የሚያመጣው ፈንገስ በፀጉሩ ግንድ ውስጥ ስለሚገባ ከላይ የሚቀባ ነገር ብቻውን አይደርስበትም። በምላጭ፣ በሚዶ፣ በቆብና በሻሽ ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። ፎረፎርም የራሱ ጠባይ አለው። በሁላችንም ራስ ላይ የሚኖር፣ ወዝ የሚመገብ ረቂቅ ፈንገስ አለበት፤ ስለዚህ ፎረፎር ለበዛባት ሴት ቅቤ መጨመር መመገብ ይሆናል። እሷን የሚረዳት አዘውትሮ መታጠብና እንደ ኬቶኮናዞል ያለ ሻምፖ ነው። ሹሩባም ቢሆን ሲጠብቅ በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ያለውን ፀጉር ከሥሩ ይስባል። ቶሎ ከላላ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ይጠፋል። «ካላመመ አያምርም» የሚለው አባባላችን ብዙ ግንባር አራቁቷል።

የፀጉር ቤት ዘመን ሲመጣ የራስ ቆዳ ጭራሽ ተረሳ። ጣሊያኖች ቡሬን በ1933 ዓ.ም. ለቀው ሄዱ፤ ቋንቋቸው ግን በፀጉር ቤት ቀረ። ካስካ፣ ፒያስትራ፣ ቢጎዲን የምንላቸው ሁሉ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ሦስቱም ስለ ፀጉር ናቸው፤ ስለ ራስ ቆዳ የሚናገር የለባቸውም። ከእነሱ በኋላ የመጣው ማለስለሻ ኬሚካልም በጥንቃቄ ካልተያዘ ቆዳን ያቃጥላል። እናቶቻችን በቅቤና በጣት ይጎበኙት የነበረውን ቆዳ በፀጉር ቤት የሚያየው ጠፋ።

ወደ ኮሪያ የምንሻገረው በዚህ ምክንያት ነው። እዚያም የድሮ ሴቶች የራሳቸው አሪቲና ቅቤ ነበራቸው። በጨረቃ አቆጣጠር በአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን በሚውለው የዳኖ በዓል፣ ቻንግፖ የሚባል ሽታው ደስ የሚል የውሃ ዳር ተክል ቀቅለው ራሳቸውን ይታጠቡበት ነበር። ለፀጉራቸው ደግሞ ከካሜሊያ ፍሬ የተጨመቀ ዘይት ይቀቡ ነበር። የቃኘው ሻለቃ ጦራችን ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደዚያ ሲዘምት አገሪቱ በጦርነት የፈራረሰች፣ ከድሆች አገሮች አንዷ ነበረች። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ሴቶች ፀጉራቸውን ቆርጠው ሸጡ። እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ዊግ ኮሪያ ወደ ውጭ ከምትልካቸው ዋና ዋና ምርቶች አንዱ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ተቀምጠው ፀጉር የሚሰኩት ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ።

ገንዘቡ የማን ነበር ለሚለው ጥያቄ መልሱ ነሐሴ 1971 ዓ.ም. ታየ። ዋይ ኤች የተባለው የዊግ ኩባንያ ሊዘጋ ሲል ከ170 በላይ ሴት ሠራተኞች ወደ ተቃዋሚው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ገብተው ሥራችን ይመለስልን አሉ። ፖሊስ ሌሊት ገብቶ በኃይል አስወጣቸው፤ ኪም ክዮንግ ሱክ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ሞተች። ከሁለት ወር በኋላ ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ በራሳቸው የስለላ ሹም ተገደሉ። የአገሪቱን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የእነዚያን ሴቶች ተቃውሞ አገዛዙን ካናወጡት ነገሮች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። ዛሬ ዓለም የሚከፍልበት የኮሪያ የውበት ሙያ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ብድር ማመልከቻው እንመለስ። የኮሪያው አሠራር ምን ይጠቅማል? ቅርፊትንና የተጠራቀመ ቅባትን በደንብ ያነሣል፤ ማሳከክን ያስታግሣል፤ እሽታው የደከመች ሴትን ያሳርፋል። ቆዳውን ቀርቦ ማየቱም በሽታን በጊዜ ለመለየት ይረዳል። የማይሠራውንም እንናገር። ሥሩ የጠፋ ፀጉር አያበቅልም፤ ቆረቆርንም አያድንም። በራሳችን ላይ 100,000 ያህል ፀጉር አለ፤ በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍ የተለመደ ነው። አራስ ሴት ከወለደች ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ፀጉሯ በብዛት ቢረግፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዓመቱ ይመለስላታል። እንዲህ ላለችው ሴት «ካልታሸሽ ራሰ በራ ትሆኛለሽ» ብሎ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው።

ስለዚህ የሒሳብ ክፍላችን ብድሩ እንዲሰጥ ሐሳብ ያቀርባል፤ ሦስት ነገር ግን በውሉ ይግባ። አንደኛ፣ ከካሜራው በፊት ንጹሕ ውሃ፣ በቂ ፎጣ፣ ሚዶና መቀስ የሚቀቀልበት ምድጃ ይገዛ። አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው አይዋል። ሁለተኛ፣ ቆረቆር ወይም ቁስል ያለበት ራስ ሲመጣ ገንዘብ ሳይቀበሉ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ፤ የላኩትንም በመዝገብ ይጻፉ። ሦስተኛ፣ ስድስቱም እኩል ባለቤት ይሁኑ። የዊግ ፋብሪካዎቹ ሴቶች ያጡት ይህን ነው፤ ሙያው በእጃቸው ነበር፤ የፋብሪካው ቁልፍ ግን በሌላ ሰው ኪስ ነበር።

ለእማማ ጥያቄም መልስ አለብን። አዎ፣ ይከፈልበታል። ሥራው ያኔም ዋጋ ነበረው፤ እኛ ሳንጽፈው ቀረን እንጂ። ይህን ስንነግራቸው ሳቁና፣ «እንግዲያስ ልጆቹ መጀመሪያ ማሸት ይማሩ፤ በጥፍር ነው የሚነኩት» አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስድስቱን ሊያስተምሩ ተስማምተዋል። የማሠልጠኛ አበላቸውን በወጪ መዝገባችን ላይ በስማቸው ጽፈነዋል። የቀረው ውሳኔ የጠቅላላ ጉባኤው ነው።