በሬና አክሲዮን

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተከፈተና ወጋገን ባንክ ቀድሞ ከተመዘገበ ወዲህ፣ «አክሲዮን ተወደደ ወይስ ገና ነው?» እያልን እንከራከራለን። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ገበሬ ግን መልሱን ከእኛ በፊት ያውቀዋል። በሬ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ ያያል፤ ስንት ክረምት እንደሚያርስለት ያሰላል።

አክሲዮንም ያው ነው። በዓመት 100 ብር የሚያስገኝ አክሲዮን በ1,000 ብር ቢሸጥ ገንዘባችን በ10 ዓመት ይመለሳል፤ በ4,000 ቢሸጥ በ40። ትርፉ ካላደገ ታዲያ ይህ ውድ አይደለም እንዴ?

ግምት ከምርት ሲርቅ የሚመጣውን ጎጃም በ1960 ዓ.ም. አይታዋለች። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ግብሩ በገማቾች ግምት ሊጣል ሆነ። ገበሬው ካላጨደው እንዳይከፍል፣ ርስቱም እንዳይለካበት ሰጋ። ከፍኖተ ሰላም በላይ ያለው ደጋ ዳሞት፣ ሞጣና ቢቸና አመፁ፤ ጦር ዘመተ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የግብሩን ውዝፍ ማሩ።

እርግጥ፣ አክሲዮን ገዥ ወዶ ይገባል፤ ገበሬው ግን ተገዶ ነበር። የሁለቱም ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ማን ገመተ? በምን አይቶ?

ደግሞም ትርፍ ብቻውን አይበቃም። ቀድሞ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የአክሲዮን ግብይት በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ድርጅቶች ሲወረሱ ቀረ። የ10 ዓመቱን ሂሳብ ያሰላ ሁሉ 10 ዓመት አላገኘም። እንግዲህ እኛም ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት ጥርሱን ገልጠን እንይ።