ስለ ሐዋይ ሕዝብ ቋንቋ

ፓሲፊክ በሚባለው ታላቅ ውቅያኖስ መካከል በሚገኙት በሐዋይ ደሴቶች የሚኖረው ሕዝብ የነገሥታቱን ትውልድና የአባቶቹን ታሪክ በቃሉ እያጠና ለልጁ ያስተላልፍ ነበር እንጂ ፊደል አልነበረውም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1820 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጡ ሚስዮናውያን ቋንቋውን በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ፤ በ1822 ማተሚያ ሥራውን ጀመረ፤ በ1839 መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ ተተርጕሞ ታተመ። መኳንንቱ አስቀድመው ስለ ተማሩ ሕዝቡም ተከተላቸው፤ የመጀመሪያዎቹም ተማሪዎች አብዛኞቹ ጐልማሶች ነበሩ። ከ1834 እስከ 1948 ድረስ በዚሁ ቋንቋ መቶ ያህል ጋዜጦች ታትመዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ንጉሥና ጋዜጣ፥ መጽሐፍና ትምህርት ቤት ያለው ቋንቋ ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል? ነገር ግን በ1893 ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ከዙፋናቸው ተወገዱ። እሳቸውን የገለበጡት ሰዎች ያቆሙት መንግሥት በ1896 ባወጣው ሕግ በትምህርት ቤት ሁሉ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን አዘዘ፤ ሁለት ዓመት ቈይቶም አገሩ ከአሜሪካ ጋራ ተቀላቀለ። ሕጉ «በቤታችሁ አትናገሩ» አላለም፤ ማለትም አላስፈለገውም። በትምህርት ቤት በአባቱ ቋንቋ የተናገረ ልጅ ይቀጣ ስለ ነበረ፥ ብዙ ወላጆች እርስ በርሳቸው በሐዋይኛ እየተጫወቱ ወደ ልጃቸው ሲዞሩ በእንግሊዝኛ መናገር ጀመሩ። እነዚህን ወላጆች መንቀፍ ለእኔ ቀላል አይደለም፤ ልጁ ተገርፎ እንዲመጣ የሚወድ ማን ነው? ዳሩ ግን መጽሐፉ በሣጥን ሳለ አንባቢው አለቀ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፥ አንድ ቤተሰብ በ1864 ከገዛትና እንግዳ ከማይገባባት ከኒይሃው ደሴት በቀር፥ ቋንቋውን አጥርቶ የሚናገር ልጅ ከአምሳ አይበልጥም ነበር።

በ1978 የሐዋይ ሕገ መንግሥት ሐዋይኛን ከእንግሊዝኛ ጋራ የመንግሥት ቋንቋ አደረገው። በወረቀት ላይ ይህ ትልቅ ክብር ነው፤ ለሕፃናቱ ግን ቋንቋውን የሚሰሙበት ቤት ያስፈልጋቸው ነበር። ስለዚህ ጥቂት መምህራን የኒው ዚላንድን የማኦሪ ሕዝብ አብነት ተከትለው በ1983 ማኅበር አቆሙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በካዋይ ደሴት ኬካሃ በተባለ ስፍራ ፑናና ሌኦ፥ ማለት የድምፅ ጎጆ፥ የተባለውን የሕፃናት ትምህርት ቤት ከፈቱ። በዚያ ከጧት ጀምሮ ከሐዋይኛ በቀር አይነገርም። የ1896ቱ ሕግ ገና አልተሻረም ነበርና እስከ 1986 ድረስ ሥራቸው ከሕግ ውጭ ነበር። ልጁን ወደዚያ የሚልክ ወላጅም በጕልበቱ እንዲረዳና አባቱ ያላስተማረውን ቋንቋ ራሱ ቍጭ ብሎ እንዲማር ግዴታ ይገባል።