ባሌስትራ፦ ከጣርማ በር እስከ ጆሃንስበርግ ጓሮ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። በጆሃንስበርግ አንድ ግቢ ውስጥ ዕድሜ የጠገበ ላንድክሩዘር የፊት ጎማዎቹ ተፈትተው ቆሟል። ከሥሩ የተጋደመው ሐበሻ ‹‹እስቲ ካቻቢቴዋን አቀብለኝ፤ ዳዶዋ እንዳትጠፋ፤ ግራሶውንም አምጣ›› ይላል። እዚሁ ተወልዶ ያደገው ልጅ ግራ ይገባውና ‹‹አባዬ፣ ካቻቢቴ ምንድን ነው?›› ብሎ ይጠይቃል። ‹‹አማርኛ ነዋ!›› ይለዋል አባት። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ሙሉ እውነትም አይደለም። ካቻቢቴ አማርኛ የሆነው በብዙ ዋጋ ነውና።

ከአሮጌ መኪና ፊት ሥር ያለው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ስሙ ጣሊያንኛ ነው። ባሌስትራ ማለት በጥንት ዘመን ወታደር ይይዘው የነበረ የቀስት መሣሪያ ነው፤ የተደራረበው ብረት ደጋን ስለሚመስል ስሙን ወረሰ። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ማለት ነው። ፍሬን ልጓም፣ ካምቢዮ መለወጥ ማለት ነው። አሞርዛተር፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ጎማ፣ ክሪክ፣ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ራሱ ከዚያው የመጡ ናቸው።

እንዴት መጡ? ኤርትራ ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ስለነበረች፣ ከፊሉ በአስመራ በኩል ቀድሞ ገብቷል። ዋናው ማዕበል ግን የደረሰው ከ1928 ዓ.ም. ወረራ ጋር ነው። ፋሺስት ጦሩን የሚያመላልሰው በፊያትና በላንቺያ ካሚዮኖች ስለነበር፣ ካሚዮኑ የሚሄድበት መንገድ፣ መንገዱም የሚቆፍር ጉልበት ፈለገ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ በስቶ ያለፈው በዚያን ጊዜ ነው። ‹‹ጣሊያን መንገድ ሠራልን›› የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። መንገዱ የተጠረገው ግን አገር ለመያዝ እንጂ ለባላገሩ ታዝኖ አልነበረም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ የተጨፈጨፈው በእነዚያው ዓመታት ነው። በኤርትራም ቅኝ ገዥው ለአገሬው ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ ትምህርት አልፈቀደም። መካኒክነትን በትምህርት ቤት የከለከሉትን ሰው፣ እሱ ከመኪናው ጎን ቆሞ፣ ብረት እያቀበለ፣ በዓይኑና በጆሮው ሰረቀው። እነዚህ ቃላት የዚያ የሌብነት ማስረጃ ናቸው፤ የሚያኮራ ሌብነት!

የሚገርመው ታሪኩ ደቡብ አፍሪካንም የሚነካ መሆኑ ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. ከኬንያ ተነሥቶ በሶማሊያና በደቡብ ኢትዮጵያ በኩል ፋሺስትን ካጠቃው የእንግሊዝ ጦር ጋር የደቡብ አፍሪካ ክፍለ ጦር ነበረበት። ነጭ ያልሆኑት ደቡብ አፍሪካውያን በራሳቸው መንግሥት ሕግ ጠመንጃ ተከልክለው በሹፌርነትና በጉልበት ሥራ ዘመቱ። አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደሉ የተዋጉት አርበኞች ጠላትን አዳክመውት ነበርና፣ አዲስ አበባ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃ ወጣች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን ገቡ።

በምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ የተማረኩት ጣሊያኖች ደግሞ በመርከብ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጫኑ። ከፕሪቶሪያ በስተምሥራቅ፣ ኩሊናን አጠገብ ባለው የዞንደርዋተር ካምፕ እስከ 1947 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 ሺህ በላይ ምርኮኞች አልፈዋል። ከእነሱ ውስጥ በኬፕ ተራሮች ላይ የዱ ቶይትስክሎፍን መንገድ የጠረጉ አሉ። በኢትዮጵያ ጌታ ሆኖ መንገድ ያስጠረገ ጦር በደቡብ አፍሪካ እስረኛ ሆኖ መንገድ ጠረገ። ጊዜ እንዲህ ነው።

በኢትዮጵያ የቀሩት ጣሊያን መካኒኮች ከነፃነት በኋላ ጋራዥ ከፍተው ሠሩ፤ ከሥራቸው የነበሩት ኢትዮጵያውያን ረዳቶችም ጊዜ አልፎ ባለጋራዥ ሆኑ። በ1950 እ.ኤ.አ. ከዓለም ባንክ ለመንገድ ብድር ተገኘ፤ በዓመቱ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ኤን ትሬ የተባለው ፊያት፣ ላንድሮቨር፣ በመጨረሻም ላንድክሩዘር አገሩን ሞሉት። ኮረኮንቹ ባሌስትራ ሲሰብር፣ መካኒኩ ሲቀይር ኖረ። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ የአንዱ መኪና ባሌስትራ ተቆርጦ ለሌላው ሆነ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያልተገኘ ዕቃ በእጅ ተሠራ። ፈጽሞ የማይረባው ስብርባሪም አልተጣለም፤ ቀጥቃጭ እጅ ገብቶ ማረሻ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋ ሆነ። ጦር ለማመላለስ የመጣው ብረት መሬት አረሰ።

ያ ሙያ ዛሬ በጆሃንስበርግ ጓሮ ይሠራል። ላንድክሩዘር 80 በ1990 እ.ኤ.አ. በጥቅል ሞላ ሲመጣ፣ 70 የሚባለው ግን ከፊትም ባሌስትራውን እስከ 1999 ድረስ ይዞ ቆይቷል። ስለዚህ አሮጌውን የገዛ ሰው የጥንቱን ሥራ ማወቅ አለበት። መኪና በስም ሲዛወር የሮድዎርዚ ፈታሽ ከሥር ገብቶ የላላውን ሁሉ ይነቀንቃል። ከዚያ ፈታሽ ይልቅ ግን ጭነት ይዞ ወደ ሎኬሽን የሚወርደው ሾፌር ሕይወት ይበልጣል፤ ብሎኑ የላላ ባሌስትራ አክስሉን ከቦታው ያሸሻል፣ መሪም አይታዘዝም።

የድሮ መካኒኮች ሕግ ዛሬም አልተለወጠም። መኪናው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል፤ የኋላ ጎማ ይታገዳል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይገባም፤ ሻንሲው በብረት መቆሚያ ላይ ያርፋል፤ ጡብ ይፈረካከሳልና አይታመንም። አክስሉ ለብቻው በክሪክ ይደገፋል፤ በፍሬን ቱቦው ላይ እንዲንጠለጠል አይተውም። አሞርዛተሩና ዩ ቦልቶቹ ከተፈቱ በኋላ ባሌስትራው ከሁለቱ ጫፎቹ ይወጣል። አዲሱ ሲገባ የመሀሉ ብሎን ራስ አክስሉ ላይ ካለው ቀዳዳ በትክክል መግጠም አለበት። ዩ ቦልት አንዴ ከተሳበ ዳግም ስለማይታመን አዲስ ይገዛል፤ ሲጠብቅም በየተራ፣ በተሻጋሪ ነው። የጎማ ቡሽ ያለባቸው የጫፍ ብሎኖች ጠብቀው የሚታሰሩት መኪናው በራሱ ክብደት መሬት ከረገጠ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከታሰረ ቡሹ ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየራል፤ አለዚያ መኪናው ያዘነብላል። ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ ዩ ቦልቱ ዳግም ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ ሲሠራ ያየ ልጅ መለዋወጫ መደብር ሄዶ ‹‹ሊፍ ስፕሪንግ›› ብሎ ይገዛል፤ የአፍሪካንስ ተናጋሪው ሻጭ ‹‹ብላድፊር›› ይለዋል፤ ቤት ሲመለስ ‹‹ባሌስትራ›› ይባላል። ሦስቱንም ማወቅ አይጎዳውም። ሦስተኛው ግን የአያቶቹ ስም ነው፤ ከወራሪ ጋር መጥቶ በእነሱ እጅ አማርኛ የሆነ።

‹‹ሙያ በልብ ነው›› ይባላል። በስደት ግን በልብ ብቻ የቀረ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ልጅ ‹‹ካቻቢቴ ምንድን ነው?›› ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ ‹‹አማርኛ ነዋ!›› ብቻ አይሁን። ካቻቢቴው እጁ ላይ ይቀመጥ፤ ታሪኩም ይነገረው።