ከሰው ቁመት የሚስተካከለው ቀንድ

ነገሩ የሆነው ከአድዋ ድል አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1895 በሰሜን ምዕራብ ጀርመን፣ ዜፐንራደ በምትባል መንደር፣ ከአንድ የድንጋይ ካባ ጉድ ወጣ። እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለለ ድንጋይ፤ ወርዱ 1.74 ሜትር፣ ክብደቱ 3.5 ቶን ገደማ።

ፈልጠው ለግንብ ቢያውሉት ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። ደግነቱ ወሬው ሙንስተር ከተማ ለነበሩት ለፕሮፌሰር ኸርማን ላንዱዋ ደረሰ። ላንዱዋ ቅስና የተቀበሉ የእንስሳት ሳይንስ ምሁር ነበሩ። በዚያው ዓመት ግኝቱን ለዓለም ጻፉ፤ ድንጋዩም ሙዚየም ገባ። ዛሬም ሙንስተር ሄዶ ማየት ይቻላል።

እንስሳው አሞናይት ነው፤ ፓራፑዞሲያ ከሚባለው ወገን። መልኩ ቀንድ አውጣ ቢመስልም ዘመዶቹ ስኩዊድና ኦክቶፐስ ናቸው። ያ አገር ባሕር በነበረበት ዘመን፣ ከ80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይዋኝ ነበር። የቅርፊቱ መጨረሻ ተሰብሯል እንጂ ሙሉ ቢሆን ከ2 ሜትር ይበልጥ ነበር። የአሞናይት ዘር በሙሉ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ከዳይኖሰሮች ጋር ጠፋ።

ስሙ የመጣው የበግ ቀንድ ካለው ከግብፁ አምላክ ከአሞን ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ፕሊኒ፣ «የአሞን ቀንድ» ከኢትዮጵያ እጅግ ቅዱስ ድንጋዮች አንዱ እንደሆነና ትንቢታዊ ሕልም እንደሚያሳይ ጽፏል። ለመኩራት አንቸኩል፤ የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪዎች ከእንግሊዝና ከሜክሲኮ የተገኙትን ጨምሮ 154 ቅሪተ አካላትን አጥንተው፣ ይህ ግዙፍ ዘር በአትላንቲክ ግራና ቀኝ እንዴት እየገዘፈ እንደመጣ አሳዩ። የዜፐንራደን ክብረ ወሰን የሰበረ ግን አልተገኘም። ከመቶ ዓመት በኋላ እንዲህ ማወዳደር የተቻለው ያኔ ድንጋዩን ያስቀመጠ ሰው ስለነበረ ነው።

ይህ እኛንም ይመለከታል። በመቀሌ ዙሪያና በአባይ ሸለቆ ያለው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የጥንት ባሕር ወለል ነው፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ አሞናይቶች በውስጡ አሉ። በመጠን ያንሳሉ፣ በዕድሜ ግን ፓራፑዞሲያን ያስከነዳሉ። ይኸው ድንጋይ ለሲሚንቶ ይቆፈራል፣ ይፈጫል።

ሲሚንቶ አይመረት አልልም፤ ቤት ያስፈልገናል። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ነገ አንድ የካባ ሠራተኛ የተጠቀለለ ቀንድ ከድንጋይ ውስጥ ብቅ ሲልበት፣ ለማን ይደውላል?