ከጀልዴሳ የቅፍለት ጣቢያ እስከ ሰርቨር ክፍል፤ ስለ መሸከሚያ ምርጫ

ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር መንደር ናት። በ19ኛው ምእት ዓመት ግን ከዘይላ ወደ ሐረር የሚሄድ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቃት የቅፍለት ጣቢያ ነበረች። ከባሕር ጠረፍ የተነሣው ጭነት በረሓውን በኢሳዎች ግመል ያቋርጥና፥ ጀልዴሳ ሲደርስ ተራግፎ ዳገቱን ለሚችሉት በቅሎዎችና አህዮች ይሰጥ ነበር። ሐረርን ከ1875 እስከ 1885 የያዙት ግብጾች በዚያ ጦር አስፍረው ነበር (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)፤ ምኒልክ በ1887 ሐረርን ከያዙ በኋላም ስፍራው የግዛቱ የቈላ በር ሆኖ ቈየ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት በየኮሌጁ የሰርቨር ክፍል ስለሚነሣ አንድ ጥያቄ ለመናገር ነው። ጥያቄውም፥ ኦፕንስታክን የመሰለ ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ የክላውድ ሶፍትዌር እንትከል ወይስ እንደ ቪኤምዌር ያለ የቨርቹዋላይዜሽን ሥርዓት? የሚል ነው። እንዲህ ሲቀርብ ሁለቱ ነገሮች እኩያ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አይደሉም። ቨርቹዋላይዜሽን አንዱን ኮምፒዩተር እንደ ብዙ ኮምፒዩተር አድርጎ መክፈል ነው። ክላውድ ደግሞ በዚያ ላይ የሚቆም አስተዳደር ነው፤ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ያህል በራሱ እጅ ይወስዳል፥ ሥራው በየትኛው ሰርቨር ላይ እንዳረፈ ግን አይጠይቅም። በጀልዴሳ ሰዎች አነጋገር ብናስረዳው፥ የመጀመሪያው ግመሉ ነው፤ ሁለተኛው ከነዘበኛው፥ ከነቀረጡና ከነደላላው ጣቢያው ነው።

በታሪክም ግመሉ ከጣቢያው ይቀድማል። የአይቢኤም ባለሙያዎች ከ1964 ጀምሮ ማሳቹሴትስ ውስጥ ባለችው ካምብሪጅ አንዱን ትልቅ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰው የማካፈል ሥራ ጀመሩ፤ በ1972ም ቪኤም/370 ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር እጅግ ውድ ስለ ነበረ ማካፈሉ ግድ ነበር። በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር ይህንኑ ጥበብ ወደ ተራው ኮምፒዩተር አመጣው። በ2003 ከእንግሊዙ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ዜን ወጣ፤ በ2007 ደግሞ ኬቪኤም በሊኑክስ ውስጥ ገባ። እነዚህ ሁለቱ ክፍት ናቸው። ኦፕንስታክን ናሳና ራክስፔስ የተባለው ኩባንያ በአንድነት ያወጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ፥ በ2010 ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፥ ሁለቱም እጅግ ብዙ ጭነት የነበራቸው መሆናቸው ነው። ኦፕንስታክ ተጠቃሚን የሚለየው፥ መረቡን የሚዘረጋው፥ ዲስኩን የሚያድለው እየራሱ የተለየ አገልግሎት ነው፤ ለእያንዳንዱም ጠባቂ ያስፈልገዋል። ሦስት ሰርቨርና ሁለት ባለሙያ ላለው ኮሌጅ ይህን መትከል፥ በዓመት አራት ግመል ለሚያልፍበት መንገድ የቀረጥ ቤት እንደ መሥራት ነው።

ታዲያ ቪኤምዌርን እንግዛ? እዚህ ላይ ጀልዴሳን ምን እንዳገኛት ማስታወስ ይጠቅማል። በ1894 ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲዱን ሥራ ለ99 ዓመት ፈቀዱ። መሥመሩ ከዘይላ ሳይሆን ከጅቡቲ ተነሣ፤ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅም በ1902 መጨረሻ ከተራራው ሥር ቆመ፥ ድሬዳዋም ተቈረቈረች። ባቡር ከግመል መፍጠኑ አያከራክርም። ነገር ግን ኩባንያው ሲከስር ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ፤ በሌላ ኩባንያ እጅ ገብቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ቪኤምዌርንም በኖቬምበር 2023 ብሮድኮም ገዛው፤ በማግሥቱ ወርም አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ፈቃድ መሸጡን ትቶ በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ ለወጠው። ክፍያው በዶላር ነው። በጁላይ 2024 መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በብር በጀት የሚያዝለት ኮሌጅ በየዓመቱ እንዲህ ያለ ፈቃድ ላድስ ቢል ምን እንደሚገጥመው ከዚህ መገመት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ክፍት መሆን ብቻውን ይበቃል ከሚሉት ጋርም አልስማማም። በ1897 ኢትዮጵያና እንግሊዝ የተፈራረሙት ውል፥ ከዘይላ ወደ ሐረር በጀልዴሳ የሚያልፈው መንገድ ለሁለቱም አገሮች ንግድ ክፍት ሆኖ እንዲኖር በግልጽ ይናገራል። ውሉ መንገዱ እንዳይዘጋ አደረገ፤ ሐዲዱ ከመጣ በኋላ ግን ቅፍለት እንዲመላለስበት ማድረግ አልቻለም። ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2008 የወጣው ዩካሊፕተስ የተባለ ክፍት የክላውድ ሶፍትዌርም፥ በ2014 ኤችፒ ከገዛው በኋላ ኮዱ ክፍት እንደ ሆነ ተዳክሞ ቀረ። ስለዚህ የኮዱን ፈቃድ ካነበቡ በኋላ፥ ዛሬ በዚህ መንገድ ማን ይመላለሳል? ብሎ መጠየቅ ያሻል። ኬቪኤም በዚህ በኩል አያሰጋም፤ በሊኑክስ ውስጥ ከመኖሩም በላይ እንደ ጉግል ያሉት ታላላቅ ክላውዶች ራሳቸው ይጠቀሙበታል።

በእኔ አስተያየት ጥቂት ሰርቨር ያለው ኮሌጅ ኬቪኤምን እንደ ፕሮክስሞክስ ባለ ማስተዳደሪያ ቢይዝ ይሻለዋል። ፕሮክስሞክስ ከ2008 ጀምሮ ከኦስትሪያ የሚወጣ ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ገንዘብ የሚከፈለው ድጋፍ ለሚፈልግ ነው። ተማሪው ኦፕንስታክን ሳያውቅ እንዳይመረቅ የሚሰጉ መምህራን እውነት አላቸው፤ ለዚህ ግን የቤተ ሙከራ ኮምፒዩተሮች ይበቃሉ፥ የሬጅስትራር መዝገብ የሚቀመጥበት ሰርቨር መለማመጃ መሆን የለበትም። በርከት ያሉ ኮሌጆች ሰርቨሮቻቸውን በአንድነት አኑረው በጋራ ባለሙያ ቢቀጥሩ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ጣቢያ ማቆም ተገቢ ይሆናል።

ቪኤምዌርን አስቀድሞ የተከለ ኮሌጅም ቢሆን መራገፍን ከወዲሁ ቢለማመድ መልካም ነው። ቪኤምዲኬ የተባለውን የቪኤምዌር የዲስክ ፋይል ለኬቪኤም ወደሚስማማው ኪውካው2 የሚለውጠው ኪውኤሙ-አይኤምጂ ክፍት መሣሪያ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ አንዱን የማያሰጋ ሰርቨር፥ ለምሳሌ የቤተ መጻሕፍቱን ማውጫ፥ በእረፍት ቀን አዛውሮ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀና ምን እንደ ተበላሸ መመዝገብ፥ የሚቀጥለው ፈቃድ ከመታደሱ በፊት ሊደረግ የሚችል ሥራ ነው።